ወጨጫን በቀኝ ትከሻ

ባለፈው ጥቅምት፣ ገና ቁርሴን ሳልበላ፣ ወንድሜ ታደሰ ደወለ። ታደሰ በጠዋት ከደወለ ነገር አለ ማለት ነው። የደስታ ወሬ ከሆነማ ከምሳ በፊት አይነግረኝም።

«ቲቸር መገርሳ አረፉ» አለኝ።

«ምን?»

«በእንቅልፋቸው ነው አሉ። ምንም አልተሰቃዩም። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«የት?»

«እዚያ ጋ ነዋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ።»

እንባዬ ዓይኔ ሥር ደርሶ ነበር። «እዚያ ጋ» ሲል ግን ሳቄ ቀድሞት ወጣ። «አንተ! እሳቸው ሞተው እንኳ ‹እዚያ ጋ› ትላለህ? ተነስተው እንዳይቆጡህ!» አልኩት። ታደሰም እየተነፋረቀ ሳቀ። ስልኩን ይዘን እየሳቅን አለቀስን፣ እያለቀስን ሳቅን። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብሎ አየኝና ያበድኩ መስሎት ተመለሰ።

ቲቸር መገርሳ ቡራዩ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በክፍላቸው መሳቅ ይፈቀዳል፣ ማስቲካ ማኘክም ካልጮኸ ይፈቀዳል፤ «እዚያ ጋ» ማለት ግን ፈጽሞ አይፈቀድም ነበር። «እዚያ ጋ የሚባል አገር የለም» ይሉ ነበር። ስማችንን ከመጠየቃቸው በፊት ቤታችንን ነው የጠየቁን።

«ቤትሽ የት ነው?»

«እዚያ ጋ ቲቸር፣ ታክሲ ተራው ጋ።»

«ታክሲ ተራው ነገ ቢነሳ ቤትሽም አብሮ ይነሳል?»

አልነሳም፤ ታክሲ ተራው ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተነሳ! እኔ ዛሬ ዱቄት የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ መኪና አሰማራለሁ። ሾፌሮቹ ደውለው «እዚያ ጋ ነኝ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። «እዚያ ጋ የሚባል አገር የለም! ከድልድዩ በስተምሥራቅ ነህ ወይስ በስተምዕራብ?» ብዬ ስጮህ፣ አዲስ የመጡት ይደነግጣሉ፣ የቆዩት ደግሞ «ተነሳባት» ይላሉ። የእሳቸው ጣጣ ነው።

ሰውየው ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ሱሉልታ ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ኮታቸውን አያወልቁም። ምነው ስንላቸው «የሱሉልታ ብርድ መጣሁ ብሎ አይመጣም» ይሉናል። የኮታቸው ኪስ በጠመኔ ከመንጣቱ የተነሳ ከሩቅ ሲያዩት መሀረብ የሰኩ ይመስላል። ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከየትኛውም በር ሲወጡ ደፉ ላይ ቆም ይላሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ፀሐይ ወደምትወጣበት ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ፊት ለፊት አየት አድርገው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ። ከሻይ ቤትም ሲወጡ፣ ከለቅሶ ቤትም ሲወጡ፣ ከሽንት ቤትም ሲወጡ። የሰፈሩ ሰው «ቲቸር፣ ማንን ነው ሰላም የሚሉት?» ሲላቸው «ሰሜንን» ይላሉ። «አንድ ሰው እንኳ ቦታውን ሳይለቅ ሲጠብቀኝ ሰላም አልለውም?»

አባቴ የብረት በር ብየዳ ቤት ነበረው፤ ለሱ ትምህርት ማለት ሂሳብና ፊዚክስ ነው። አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ለመሆኑ ይሄ ጂኦግራፊ ምን ያበላል?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቲቸር መገርሳ ግን አልተቆጡም።

«ምንም አያበላም ወንድሜ» አሉት። «የት እንዳሉ ግን ይነግርዎታል።»

«የት እንዳለሁማ አውቃለሁ!»

«እንግዲያው ጥሩ ነው። የእርስዎ ተማሪ ልሁን።»

አባቴ እየሳቀ ቤት ገባ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ቀድማ የተሸነፈችው እናቴ ናት። ታኅሣሥ ላይ በርበሬ አስጥታ አልደርቅ ብሏት ስትራገም፣ ቲቸር ለሌላ ጉዳይ ቤታችን መጡ። ሲወጡ በሩ ላይ እንደልማዳቸው ሰሜንን ሰላም አሉና «እሜቴ፣ በበጋ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። በርበሬው ያለው ከቤቱ ሰሜን ነው፤ ግድግዳው ጋርዶታል። በዚያኛው በኩል ያስጡት፤ ሲከርም ነው እዚህ ፀሐይ የሚመጣው» አሏት። እናቴ ሳታምን አዛወረችው። በርበሬው ደረቀ። ከዚያ ወዲያ «ያ ፀሐይ የሚያውቀው አስተማሪሽ እንዴት ነው?» ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘጠነኛ ክፍል እያለን አንድ ቀን ዴስኮቹን ሁሉ ወደ ግድግዳ አስጠጉን። «ዛሬ ካርታ አንስልም፤ ራሳችን ካርታ እንሆናለን» አሉ። እኔን ጎትተው መሃል ላይ አቆሙኝ። «አንቺ አዲስ አበባ ነሽ።» ለምን እኔ? በክፍሉ እንደኔ ሰፊ ሴት ስላልነበረች ነዋ! ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ አንዱን ረጅም ልጅ በሰሜን በኩል ሱሉልታ አደረጉት፤ አንዱን በምዕራብ ቡራዩ፣ አንዱን ከሱ ዝቅ አድርገው ሰበታ፤ ሁለት መንታ የመሰሉ ጓደኛሞችን ደግሞ በበሩ በኩል ገላንና ዱከም። የቆሻሻ ባልዲውን ገልብጠው ከቡራዩና ከሰበታ መሃል አስቀመጡና «ይሄ ወጨጫ ተራራ ነው፤ እንዳትስቁበት» አሉ።

«ሰበታ፣ ቡራዩ ያለችው አክስትህ ታማለች። ሄደህ ጠይቃት።»

ሰበታ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ፣ ትከሻዬን ገፋ አድርጎ አለፈና፣ ዞሮ ቡራዩ ደረሰ።

«ሱሉልታ፣ ቡራዩ ገበያ ሂድ።» እሱም በእኔ በኩል። እግሬን ረገጠኝ።

«ዱከም፣ ሱሉልታ ሠርግ ተጠርተሃል።» አሁንም በእኔ በኩል! «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

ቲቸር መገርሳ ሁሉንም ወደ ቦታቸው መለሱና «ሰበታ፣ እጅህን ወደ ቡራዩ ዘርጋ። ቡራዩ፣ አንተም» አሉ። ሁለቱ ልጆች እጃቸውን ሲዘረጉ ከባልዲው በላይ ተጨባበጡ።

«ጎረቤታሞች ናችሁ» አሉ ቲቸር። «ታዲያ ለምን በሷ በኩል ሄድክ?»

«ታክሲው በዚያ ነዋ የሚሄደው ቲቸር!»

«እንግዲያው ረዳቱ ያስተምርህ፤ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ስቀን ስናበቃ ሁላችንም ትንሽ አፈርን። እውነታቸውን ነበር። እኛ የዙሪያው ከተማ ልጆች ሁላችንም ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ እናውቃለን፤ አጠገባችን ወዳለው ከተማ የሚወስደውን ግን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ተሳስተን ሳይሆን ጠይቀን ስለማናውቅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ስም «አዲስ አበባ» ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ የክፍል ጓደኞቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አዲስ አበባ፣ እንደምን አለሽ? ትራፊኩ ቀለል አለ?» ይሉኛል።

ትምህርት ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው የታደሰ ነገር የመጣው። ታደሰ ታላቄ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። አዲስ አበባ አንድ ሕንፃ ላይ መስመር ሲዘረጋ እዚያው ከምትሠራው ጫልቱ ጋር ተዋወቀ። ጫልቱ የሰበታ ልጅ ናት። ማታ ማታ ከሥራ ወጥተው ታክሲ ተራ ድረስ አብረው ይሄዱና፣ እሷ የሰበታን እሱ የቡራዩን ይዘው ይለያያሉ። ልጁ ወደደ፣ ልጅቷም ወደደች። ሽማግሌ ተላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባለሱቁ ጎረቤታችን ጋሽ ሁሴን ነበሩ፤ ኦሮምኛቸው ማር፣ አማርኛቸው ማር፤ እሳቸው ገብተውበት የከሸፈ ጋብቻ ተሰምቶ አያውቅም።

ይሄኛው ከሸፈ። የጫልቱ አባት ኦቦ ለሜሳ «ልጁ ጨዋ ነው ብላችኋል፣ አምናለሁ። ቡራዩ ግን ሩቅ ነው። አልሰጥም» ብለው መለሷቸው።

ሽማግሌ አንዴ መመለስ ወግ ነው፤ እኛም ለወጉ መስሎን ነበር። በኋላ ጫልቱ እያለቀሰች ለታደሰ እውነቱን ነገረችው። ታላቅ እህቷ ያገባችው ሱሉልታ ነው። እናታቸው የሞቱ ቀን እህቷ ወሬውን እንደሰማች ወጣች፤ ሱሉልታ ታክሲ ጠብቃ፣ አዲስ አበባ ወርዳ፣ መንገድ ተዘጋግቶ፣ ከአንዱ ታክሲ ወርዳ ሌላው ላይ ስትንጠለጠል ዋለች። ሰበታ ስትደርስ አፈሩ ተመልሶ ሰው እየተበተነ ነበር። የእናቷን ፊት ሳታይ ቀረች። «አባዬ ያኔ ‹ሌላዋን ልጄን ሩቅ አገር አልሰጥም፤ እኔን እንኳ የምትቀብረኝ ልጅ ትኑረኝ› ብሎ ማለ» አለችው።

ይሄን የሰማ ምን ይላል? ታደሰ እህል አልበላ አለ። እናቴ ስለት ተሳለች። አባቴ «ሌላ ሴት የለችም?» ብሎ ሞክሮ፣ የልጁን ፊት ሲያይ ተወው። እኔ ናፍጣ እንዳለቀበት መኪና ቤት ውስጥ የቆመውን ወንድሜን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ያ ባልዲ።

«ቲቸር መገርሳ ይላኩ» አልኩ።

«የጂኦግራፊ አስተማሪ ለሽምግልና?» አለ አባቴ። «ሄዶ ምን ሊላቸው? የአባይን ርዝመት?»

እናቴ ግን «በርበሬዬን ያደረቀ ሰው ይሄንንም አያቅተው» ብላ አጸደቀችው።

ሁለተኛውን ሽምግልና የምነግራችሁ ከጋሽ ሁሴን አፍ እንደሰማሁት ነው፤ ሱቃቸው ለስኳር የመጣ ሁሉ ሳይሰማው አይወጣም። ገቡ፤ «አካም ቡልተን» ተባባሉ፤ ኦቦ ለሜሳ ተቀመጡ ቢሏቸው ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥምና ቆሙ። ቲቸር መገርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ሁሴን የሚጠብቁት ወጉን ነበር፤ «ልጅዎን ለልጃችን» የሚለውን።

«ኦቦ ለሜሳ» አሉ ቲቸር፣ «ሳንቀመጥ አንዴ ወደ ጓሮ ብንወጣስ?»

«እኔ አፍሬ ልሙት!» ይላሉ ጋሽ ሁሴን እዚህ ላይ ሲደርሱ። «ሽማግሌ ሆኖ የሰው ጓሮ አሳዩኝ የሚል አይቼ አላውቅም። ሆዱን የቆረጠው መስሎኝ ነበር።»

ወጡ። ቲቸር ደፉ ላይ ቆመው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰሜንን ሰላም አሉ። ፊት ለፊታቸው ተራራው ድቅን ብሏል።

«ይሄ ተራራ ማን ይባላል ኦቦ?»

«ወጨጫ ነዋ! የተወለድኩበትን ተራራ ስም ልትነግሩኝ መጣችሁ እንዴ?»

«የልጁም አባት ደጅ አለ።»

«ማን?»

«ወጨጫ። እርስዎ ፊቱን ነው የሚያዩት፣ እኛ ቡራዩ ጀርባውን። ጫልቱ እኛ ጋ ብትመጣ ጠዋት በሯን ስትከፍት የምታየው ይህንኑ ነው። ሩቅ ያደረገን አስፋልቱ ነው እንጂ፣ እኛስ አንድ ተራራ የምንካፈል ጎረቤታሞች ነን።»

ኦቦ ለሜሳ ተራራውን ከግርጌው እስከ ጫፉ አዩት። ከዚያ «አባቴ ከብት ይዞ በዚህ ተራራ ግርጌ ዞሮ ወደዚያ ገበያ ይሄድ ነበር» አሉ። «አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ያን መንገድ ያነሳው ሰው የለም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ነው ነገሩ።» ጋሽ ሁሴን አለቀ ደቀቀ፣ ልጅቷን ሰጡን ብለው ገብተው ሊቀመጡ ሲሉ ኦቦ ለሜሳ እጃቸውን አነሱ።

«ቆዩ። በአፍ ሁሉም አገር ቅርብ ነው። የሚመጣው እሁድ በእግራችሁ ኑ። ቁርስ ቡራዩ በልታችሁ ለምሳ እዚህ ከደረሳችሁ ልጄን እሰጣለሁ። ካልደረሳችሁ ግን ሌላ ሽማግሌ አትላኩብኝ፤ ልጄንም አታስለቅሱብኝ።»

ጉድ በል ቡራዩ! ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን ሞላው። አባቴ «በእግር ተሄዶ ሚስት ይገባል እንዴ?» እያለ ቢነጫነጭም የታደሰን ጫማ ሶል ያስጠገነው እሱ ነው። እሁድ ሊነጋጋ ሲል ቲቸር፣ ጋሽ ሁሴንና ታደሰ ሊነሱ ሲሉ እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ቆምኩ።

«ሽማግሌ በሴት አይታጀብም» አሉ ጋሽ ሁሴን።

«ተዋት» አሉ ቲቸር። «እስከ ዛሬ ሁሉም በሷ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ዛሬ እንኳ እሷም ከኛ ጋር ትሂድ።»

መጀመሪያ ላይ ሠርግ የምንሄድ ነበር የምንመስለው። ጥር ስለሆነ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ገብሱ ታጭዶ ማሳው ቢጫ ሆኗል። ቲቸር ከተማሪነታቸው ጀምሮ በጭንቅላታቸው የያዙትን ካርታ እየተረኩ ከፊት ይሄዳሉ። «አሁን አንድ መንገድ ወደ ግራ ይታጠፋል» አሉ። ታጠፍን። ፊት ለፊታችን የብሎኬት ግንብ!

«ካርታው ላይ እዚህ ጋ መንገድ አለ» አሉ።

«እዚህ ላይ ግን ግንብ አለ ቲቸር» አለ ታደሰ።

አዲስ ሰፈር በቅሎበታል፤ በኛ አገር ሰው ክረምት ከርሞ ሲመለስ ሰፈር በቅሎ ነው የሚያገኘው። ግንቡን ይዘን ስንሄድ፣ ስንሄድ፣ አንድ የድንጋይ ካባ ውስጥ ገባን። አቧራው፣ የገልባጭ መኪናው ጩኸት፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ፤ ተራራው ራሱ ጠፋ። የጋሽ ሁሴን ነጠላ ጫማ ማሰሪያው ተበጠሰ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ታደሰ ሰዓቱን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ መልሶ ሰዓቱን ያያል፤ ፊቱ አመድ ሆነ። ሌላ ሽማግሌ አይላክም ተብሏል፤ ይሄ ቀን ካመለጠ ጫልቱ አመለጠች።

«ቲቸር» አለ በመጨረሻ፣ «የት ነን?»

ቲቸር መገርሳ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ። «እዚያ ጋ…» አሉ።

ምን አሉ? ሁላችንም ደርቀን ቀረን። እሳቸውም የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ሳቁ። የድንጋይ ክምሩ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እየመቱ፣ እንባቸው በአቧራው ፊታቸው ላይ መስመር እስኪሠራ ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ጋሽ ሁሴን የተበጠሰ ጫማቸውን ይዘው፣ ታደሰም በዚያ ጭንቀቱ። የካባው ሠራተኞች መዶሻቸውን አስቀምጠው አዩን።

ሳቃቸው ሲበርድ ተነሱና ኮታቸውን አወለቁ። በሕይወቴ ኮታቸውን ሲያወልቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የአፈር ቁልሉ ላይ በአራት እግራቸው ወጡና ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ከዚያ «አየሁት!» ብለው ጮሁ። «ካርታዬ አርጅቷል ልጆች። ተራራው ግን አላረጀም። ወጨጫን በቀኝ ትከሻችሁ ያዙትና ሂዱ፤ ግንብ ቢመጣ ዙሩት፣ ገደል ቢመጣ ዙሩት፤ እሱን ብቻ ከቀኝ ትከሻችሁ እንዳትለቁት።»

እንደዚያ ሄድን። አንዲት ወንዝ ላይ ልብስ የምታጥብ ሴት አገኘንና ጋሽ ሁሴን ሰበታን ጠየቋት። «ሰበታ?» አለች ተገርማ። «ውይ፣ ተሳስታችኋል! ወደ አስፋልቱ ውጡና ታክሲ ያዙ፤ በአዲስ አበባ በኩል ነው።» ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ሴትየዋ ምን እንዳሳቀን ሳይገባት ቀረ። ትንሽ እንደሄድን ቲቸር አንድ ቀጭን ጅረት አጠገብ ቁጢጥ አሉ። «እዩ፤ እስካሁን ያገኘነው ውሃ ሁሉ ወደ ፀሐይ መውጫ ነበር የሚወርደው። ይሄ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሯል። የተራራውን ትከሻ አልፈናል። ውሃው ሰበታ እየሄደ ነው፤ እሱ ከደረሰ እኛ ምን አነሰን?» ታደሰ ሮጠ። የእውነቴን ነው፣ እንደ ጥጃ እየዘለለ ሮጠ።

ኦቦ ለሜሳ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው። በታክሲ መጥተው በእግር መጣን ይሉኛል ብለው ተጠራጥረው ኖሯል። እኛ ደግሞ የመጣነው ከኋላቸው፣ በጓሮ በኩል፣ ከባሕር ዛፉ መሃል ነው። ውሻው ሲጮህ ዞሩ። ወደ ጋሽ ሁሴን ሄደው ጎንበስ አሉና ሱሪያቸውን አዩ፤ ከታች እስከ ጉልበት ጭጎጎት ተለጣጥፎበታል። አንዱን ነቅለው በጣታቸው መሃል አሹት።

«ታክሲ ውስጥ ጭጎጎት የለም» አሉ።

ከዚያ ወደ ቤት ዞረው «ጫልቱ! ምሳ አቅርቢ! ጎረቤቶቻችን መጥተዋል!» ብለው ጮሁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ጫልቱ በር ላይ ብቅ ብላ አቧራ የለበሰውን ታደሰን ስታይ ሳህኑን ከእጇ ጣለችው። ቲቸር መገርሳ አሁን ተቀመጡ፤ ሽማግሌ የመጣበትን አግኝቷላ! እግራቸውን ዘርግተው «ኦቦ ለሜሳ፣ ውሃ ቢሰጡኝ» ሲሉ አባወራው ራሳቸው ይዘው መጡ።

ከዚያ ወዲያ ያ መንገድ ተረስቶ አያውቅም። ጫልቱ የወለደች ዕለት ከአማቶቿ ቤት ሰው ሁሉ ቀድመው የደረሱት ኦቦ ለሜሳ ናቸው፤ ቅቤ ይዘው፣ በጓሮ በኩል። ቲቸርም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየዓመቱ የዘጠነኛ ክፍል ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው ይዞሩ ነበር፤ ሰበታ ሲደርሱ ኦቦ ለሜሳ ቆሎና አሬራ አዘጋጅተው ይጠብቋቸዋል። አባቴ እንኳ አንድ ቀን ደንበኛው «ልጄ ጂኦግራፊ ወደደች፣ ምን ያደርግላታል?» ሲለው የብየዳ መነጽሩን አንስቶ «ለኔ ምራት አምጥቶልኛል» ብሎ መለሰለት።

የቀብሩ ቀን መንገዱ እንደልማዱ ተጨናንቆ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው «ደርሰናል፣ እዚያ ጋ ነን» እያሉ ይደውላሉ፤ ማንም ግን አልደረሰም። ቄሶቹ ጨርሰው ሬሳው ሊወርድ ሲል፣ ጫልቱ ክንዴን ጨበጠችኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ ከጽዶቹ መሃል፣ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ኦቦ ለሜሳ ናቸው። አርጅተዋል፤ ወሬውን እንደሰሙ በጠዋት የወጡ ናቸው። ሱሪያቸው ጭጎጎት በጭጎጎት ሆኗል።

ጫልቱ ሮጣ ጎንበስ ብላ ልትነቅልላቸው ስትል እጇን ያዟት።

«ተዪው፤ እሱ ይየው» አሉ።

ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሙና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ ዘረጉ፣ ፊት ለፊት አየት አድርገው ጎንበስ አሉ። ጋሽ ሁሴን አጠገቤ ሆነው ሲንሰቀሰቁ ይሰማኛል።

«መገርሳ» አሉ ኦቦ ለሜሳ፣ በሕይወት ያለ ሰው እንደሚያወሩ፣ «ልጄ ለእናቷ ቀብር አልደረሰችም ነበር። እኔ ለአንተ ደርሻለሁ። ወጨጫን በግራ ትከሻዬ ይዤው መጣሁ።»